ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር (ረ.ዐ)፦ ከእኩዮቹ መሀል የወጣው ወጣት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ስለ እኩዮች ግፊት ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት ምክር አጭር ነው። መጥፎ ጓደኛ አትያዙ፣ እምቢ በሉ ትባላላችሁ። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን እምቢ ማለት ለምን እንደሚከብድ፣ እምቢ ካሉ በኋላ ምን እንደሚመጣ፣ ያንን ደግሞ እንዴት መቻል እንደሚቻል አይነግራችሁም። ዛሬ የምናቀርብላችሁ የአንድ ሰሃባ ታሪክ እነዚህን ጥያቄዎች ይመልሳል።

ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር (ረ.ዐ) በእኩዮቹ ዘንድ የተናቀ ሰው አልነበረም። እንዲያውም መካ ውስጥ ወጣቶች ሁሉ እርሱን መምሰል የሚፈልጉት ዓይነት ሰው ነበር። ስለዚህ እምቢ ባለ ጊዜ የሚያጣው ነገር ብዙ ነበር፤ አጣውም። ታሪኩ ለእኛ የሚቀርብበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ከአገሩ ሲሰደድ የተጠጋው ወላጆቻችን በተወለዱባት በሐበሻ ምድር ነው።

መካ የምታውቀው ሙስዐብ

ሙስዐብ ከቁረይሽ ጎሳ፣ ከበኒ ዐብዱዳር ወገን ነው። ይህ ወገን በመካ ትልቅ ክብር ነበረው። የካዕባ ቁልፍ በእጃቸው ነበር፤ ቁረይሽ ለጦርነት ሲወጣም ሰንደቁን የሚይዙት እነርሱ ነበሩ። የሰንደቁን ነገር ልብ በሉ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እናቱ ኹናስ ቢንት ማሊክ ሀብታም፣ ቆራጥና ቃሏ የሚሰማ ሴት ነበረች። ልጇን እጅግ ትወደው ነበር። ከልብስ ምርጡን ታለብሰው፣ ከሽቶ ምርጡን ትቀባው ነበር። ጫማው ከደቡብ ዐረቢያ፣ ከሐድረመውት የመጣ ነበር። በመንገድ ሲያልፍ ሽቶው ቀድሞ ያስታውቅ ነበር ይባላል። መልከ መልካም፣ አነጋገሩ የሚጥም፣ በሽማግሌዎች ጉባኤ ሳይቀር ቢቀመጥ ደስ የሚያሰኝ ወጣት ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ገንዘብ አለው፣ መልክ አለው፣ ዘር አለው፣ ጓደኛ አለው። በዛሬ ቋንቋ ብንናገር ሁሉም ፎቶ አብሮት መነሳት የሚፈልገው፣ የለበሰው ጫማ በሳምንቱ ሌላው እግር ላይ የሚታይ ዓይነት ልጅ ነበር። በዕድሜ ከእናንተ ከፍ ቢልም የነበረበትን ቦታ ታውቁታላችሁ።

በዚያች ከተማ ግፊት እንዴት ይሠራ ነበር?

በዚያን ዘመን ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎችን ወደ አላህ አንድነት መጥራት ጀምረው ነበር። ቁረይሾች በካዕባ ዙሪያ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ወሬ የሚወራው፣ ንግድ የሚስማማው፣ ሰው የሚከበረውና የሚዋረደው እዚያ ነው። አዲሱን ጥሪ የተቀበለ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ዱላ አልነበረም። መጀመሪያ የሚመጣው ሳቅ ነው። ከዚያ ቅጽል ስም ይወጣለታል። ከዚያ ሰላምታ ይነፈገዋል። ዱላውና እስሩ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካልመለሰው ነው። እንደ ቢላል (ረ.ዐ) ያሉ ጠባቂ ወገን የሌላቸው ግን ቶሎ ወደ ሥቃይ ገቡ።

ሳቁና ኩርፊያው ምን ያህል ኃይል እንደነበረው ለመረዳት በዚያው ከተማ የኖረውን የዑቅባ ኢብኑ አቢ ሙዐይጥን ታሪክ ማየት ይበቃል። የቁርኣን ተፍሲር መጻሕፍት እንደሚዘግቡት ዑቅባ በአንድ ወቅት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በቤቱ ግብዣ ጠርቶ ሸሃዳውን እስከ መናገር ደርሶ ነበር። የቅርብ ወዳጁ ኡበይ ኢብኑ ኸለፍ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ካላዋረድክ ፊትህን አላይም፣ ወዳጅነታችን አለቀ አለው። ዑቅባ ወዳጁን ከሚያጣ ያየውን እውነት ሊያጣ መረጠ፤ ወዳጁ ያለውንም አደረገ። ከዚያ በኋላ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ክፉ ጠላቶች አንዱ ሆኖ በበድር ዘመቻ ተማርኮ ሕይወቱ አለፈ። ሱረቱል ፉርቃን ውስጥ ሰው በቂያማ ቀን ስለ ያዘው ጓደኛ በጸጸት እጁን እንደሚነክስ የሚያስጠነቅቁት አንቀጾች ከዚህ ታሪክ ጋር ተያይዘው ይነገራሉ።

ዑቅባን ማንም አልደበደበውም፤ ማንም አላሰረውም። የፈራው የአንድ ጓደኛውን ኩርፊያ ብቻ ነበር።

የአርቀም ቤት

ሙስዐብ ስለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰማው በከተማው ወሬ ነው። ጓደኞቹ ሲያሾፉ እርሱ ነገሩን ከምንጩ መስማት ፈለገ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሶፋ ኮረብታ ግርጌ ባለው በአል-አርቀም ቤት ከተከታዮቻቸው ጋር በድብቅ ይገናኙ ነበር። ሙስዐብ አንድ ቀን ወደዚያ ቤት ሄደ። ቁርኣን ሲነበብ ሰማ፤ ልቡ ተከፈተ፤ ሰለመ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስተውል። የመጀመሪያው፣ ሙስዐብ ከሕዝቡ አፍ የሰማውን ይዞ አልቀረም፤ ሄዶ ራሱ ሰማ። ሁለተኛው፣ የሄደበት ቤት ውስጥ ሰዎች ነበሩ። ሀብታምም ድሃም፣ ነጻ ሰውም ባሪያ የነበረም አብረው የሚቀመጡበት ቤት ነበር። ከአሮጌው ክብ ሲወጣ ባዶ ሜዳ ላይ አልቀረም፤ የሚቀመጥበት ሌላ ክብ ነበረው። ለዚህም ነው የጸናው። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ መቻል እጅግ በከበደው ነበር።

መጀመሪያ ላይ እስልምናውን ደበቀ። እናቱንም ሕዝቡንም ፈርቶ ነበር። ይህን የምናነሳው ፍርሃት ማንንም ትንሽ እንደማያደርግ እንድታውቁ ነው። ከታላላቅ ሰሃባዎች አንዱ የሆነው ሰው እናቱ ብታውቅ ምን ትላለች ብሎ የተጨነቀበት ጊዜ ነበር። በአርቀም ቤት እየተመላለሰ፣ በድብቅ እየሰገደ፣ ኢማኑን እያጠነከረ ቆየ።

ሲታወቅበት

አንድ ቀን የራሱ ወገን የሆነው ዑስማን ኢብኑ ጦልሃ ሲሰግድ አየውና ለቤተሰቡ ነገረ። ወሬው በቤቱ እንደ እሳት ተቀጣጠለ። ያ ሁሉ ፍቅር፣ ያ ሁሉ ልብስና ሽቶ በአንድ ቀን ተገለበጠ። ቤተሰቡ ይዘው አሰሩት።

ያሰሩት ጠላቶቹ እንዳልነበሩ አስቡ። የሚወዱት ሰዎች ናቸው። ወደ ቀድሞው ቢመለስ ሁሉ ነገር ወዲያው ይመለስለት ነበር። የሚጠበቅበት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ያንን ቃል አልተናገረም።

ስለ ዑስማን ኢብኑ ጦልሃ አንድ ነገር እንጨምር። ሙስዐብን ያጋለጠው ይህ ሰው ከዓመታት በኋላ፣ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ እርሱም ሰለመ። መካ ስትከፈት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የካዕባን ቁልፍ በእርሱ እጅ እንዲቆይ አደረጉ። ዛሬ የሚያሾፍባችሁ ወይም የሚያጋልጣችሁ ልጅ ነገ ምን እንደሚሆን አታውቁም። ስለዚህ ግፊቱን እምቢ በሉ እንጂ ሰውየውን አትጥሉት።

ወደ ሐበሻ ምድር

በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ በሙስሊሞች ላይ የሚደርሰው ሥቃይ ሲበረታ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተከታዮቻቸው ወደ ሐበሻ እንዲሰደዱ መከሩ። እዚያ ማንም የማይበደልበት ፍትሐዊ ንጉሥ እንዳለ ነገሯቸው። ወንድና ሴት ተደምረው ከአሥራ አምስት ብዙም የማይበልጡ ሰዎች ቀይ ባሕርን ተሻገሩ። ከእነርሱ መካከል ዑስማን ኢብኑ ዐፋንና ባለቤቱ ሩቀያ፣ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ፣ ከቤተሰቡ እስር አምልጦ የወጣው ሙስዐብም ነበሩ።

የመካ ቅምጥል ወጣት ቋንቋውን በማያውቀው አገር ስደተኛ ሆነ። ዘሩን የሚጠይቅ፣ ሽቶውን የሚያደንቅ የለም። እናንተ ይህን ከመጽሐፍ ብቻ የምታውቁት አይደለም። ወላጆቻችሁ ከኢትዮጵያ ተነስተው በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ ወይም በዚምባብዌ በኩል እዚህ ሲደርሱ ማንም አያውቃቸውም ነበር። ዕቃ ተሸክመው በየታውንሺፑ ቤት ለቤት እየዞሩ በዱቤ ሲሸጡ፣ በጂፒ ጎዳና ጠባብ ሱቆች ውስጥ ሲውሉ፣ በአገራቸው ማን እንደነበሩ የጠየቃቸው የለም። ሰው ክብሩን ከሌሎች ዓይን ብቻ የሚያገኝ ከሆነ እንዲህ ባለ አገር ይጠፋል። ክብሩ ከውስጡ የሆነ ግን የትም ይቆማል። ሙስዐብ ይህን የተማረው በሐበሻ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመካ ሰዎች ሰልመዋል የሚል ወሬ ስደተኞቹ ጋ ደረሰ። ሙስዐብም ከሌሎች ጋር ተመለሰ። ወሬው ሐሰት ነበር። ሰዎች ግን የተመለሰውን ሙስዐብ ሲያዩ ደነገጡ። ያ ለስላሳ ገላ ሻክሯል፤ ያ ምርጥ ልብስ በተጣፈ ጨርቅ ተተክቷል። ከችግር የተነሳ ቆዳው እንደ እባብ ቆዳ ይላጥ እንደነበር ከሰሃባዎች አንዱ ተርኳል። ቀድሞ ያዩት የነበሩ ሙስሊሞች አንገታቸውን ደፍተው ያለቀሱበት ጊዜ እንደነበር ይነገራል።

ጦሩን ያስቀመጠው ሰው

በ621 እ.ኤ.አ. ከየስሪብ፣ በኋላ መዲና ከተባለችው ከተማ፣ 12 ሰዎች መጥተው በዐቀባ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ገቡ። ቁርኣን የሚያስተምራቸው ሰውም ያስፈልግ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዚህ ትልቅ ኃላፊነት በዕድሜ የገፉትን ሰሃባዎች አልመረጡም፤ ሙስዐብን መረጡ።

ሙስዐብ በአስዐድ ኢብኑ ዙራራ ቤት አርፎ ማስተማር ጀመረ። አንድ ቀን በአንድ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ባለ አትክልት ስፍራ ተቀምጠው ሳለ ከከተማዋ ታላላቆች አንዱ የሆነው ኡሰይድ ኢብኑ ሁደይር ጦሩን ይዞ እየተቆጣ መጣ። ተሳደበ፤ ደካሞቻችንን ልታታልሉ ነው የመጣችሁት፣ ሕይወታችሁን ከወደዳችሁ ውጡልን አላቸው።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ይሸሻል ወይም መልሶ ይሳደባል። ሙስዐብ ሁለቱንም አላደረገም። በረጋ ድምፅ እንዲቀመጥና እንዲሰማ ጋበዘው። የምትሰማውን ከወደድከው ትቀበለዋለህ፤ ካልወደድከው እኛ የምትጠላውን ነገር እንተዋለን አለው። ኡሰይድ ይህ ፍትሕ ነው ብሎ ጦሩን መሬት ላይ ተከለና ተቀመጠ። ቁርኣን ሲነበብ ፊቱ ተለወጠ፤ ሰለመ። ቀጥሎ ጓደኛውን ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝን ዘዴ ፈጥሮ ወደ ሙስዐብ ላከው። ሰዕድም እንዲሁ ተቆጥቶ መጣ፤ እንዲሁ ተቀመጠ፤ ሰለመ። ሰዕድ ወደ ሕዝቡ ተመልሶ በተናገረ ጊዜ በዚያው ቀን በኒ ዐብዱል አሽሀል የተባለው ወገኑ ወንዱም ሴቱም ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰለመ።

እነሆ፣ የእኩዮች ኃይል በሌላ ፊቱ። ሙስዐብ ኡሰይድን ነካ፣ ኡሰይድ ሰዕድን፣ ሰዕድ ወገኑን። ሰው ሰውን ወደ ክፉ እንደሚስብ ሁሉ ወደ መልካምም ይስባል። የአንድ ሰው መርጋት የሙሉ ሰፈርን አቅጣጫ የለወጠበት ቀን ነበር።

እናትና ልጅ

ሙስዐብ ከየስሪብ ወደ መካ ሲመለስ በመጀመሪያ የሄደው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነው። እናቱ ይህን ሰምታ እኔ ያለሁበት ከተማ መጥተህ መጀመሪያ ወደ እኔ አልመጣህም ብላ ወቀሰችው። ከዚያም ወደ እርሷ ሄደ። እስካሁን በዚያ እምነት ላይ ነህን ብላ ጠየቀችው። አዎ አላት። እንደገና ልታሳስረው አሰበች። ሙስዐብ ከእንግዲህ መታሰርን እንደማይቀበል አጥብቆ ነገራት። እናቱ አለቀሰች፤ ሂድ፣ የፈለግከውን አድርግ አለችው። እርሱ ግን እያዘነላት እንደሚመክራት፣ መልካሟን እንደሚሻ ነግሮ ወደ እስልምና ጋበዛት። አልተቀበለችውም። እንዲህ ተለያዩ።

ይህ ቦታ ከታሪኩ ሁሉ የሚከብደው ነው፤ በተሳሳተ መንገድ እንዳይወሰድም እንጠንቀቅ። የሙስዐብ ታሪክ ወላጅን ለመናቅ ፈቃድ አይሰጥም። እናቱን እምቢ ያላት በአንድ ጉዳይ ብቻ፣ ጌታውን እንዲክድ በጠየቀችው ጊዜ ነው። አብዛኞቻችሁ ግን ከሙስዐብ የተሻለ ዕድል አላችሁ። እርሱ በውጭ ጓደኞቹ፣ በቤት ደግሞ እናቱ ይጫኑት ነበር። እናንተ በውጭ ስትገፉ ቤት ውስጥ ከጎናችሁ የሚቆም ወላጅ አላችሁ። የወላጆቻችሁ ቁጣ ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው። የትምህርት ቤታችሁን ሁኔታ በደንብ ስለማያውቁት ይፈራሉ። ንገሯቸው። ቋንቋው ቢያጥራችሁ እንኳ በተቀላቀለ አማርኛና እንግሊዝኛ ንገሯቸው።

ሰንደቁ

በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ በበድር ዘመቻ የሙሃጂሮችን ሰንደቅ የያዘው ሙስዐብ ነበር። ወንድሙ አቡ ዐዚዝ ከቁረይሽ ጋር ሆኖ ተማረከ። ሙስዐብ በአጠገባቸው ሲያልፍ ለማረከው አንሷሪ አጥብቀህ ያዘው፣ እናቱ ሀብታም ስለሆነች ትቤዠዋለች ብሎ ነገረው። አቡ ዐዚዝ በወንድሙ ቃል ተገረመ። ሙስዐብ ግን ከእንግዲህ ወንድሙ ያ አንሷሪ እንደሆነ ነገረው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምርኮኞች በደንብ እንዲያዙ አዘው ስለነበር አንሷሮች ራሳቸው ቴምር እየበሉ ለአቡ ዐዚዝ ዳቦ ይሰጡት እንደነበር እርሱው ራሱ በኋላ ተርኳል።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ625 እ.ኤ.አ.፣ የኡሁድ ውጊያ ሆነ። በቁረይሽ በኩል ሰንደቁን የያዙት እንደ ልማዳቸው በኒ ዐብዱዳሮች፣ የሙስዐብ የገዛ ወገኖች ነበሩ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው እያነሳው ተራ በተራ አለቁ። በሙስሊሞች በኩል ሰንደቁን የያዘው ሙስዐብ ነበር። ወገኖቹ በሄዱበት ቢሄድ ኖሮ በዚያን ቀን ከእነርሱ እንደ አንዱ በሆነ ነበር።

ውጊያው በሙስሊሞች ላይ ሲዞርና ብዙዎች ሲበተኑ ሙስዐብ ሰንደቁን ይዞ በቦታው ቆመ። ቀኝ እጁ ሲቆረጥ በግራው ያዘው፤ ግራው ሲቆረጥ በክንዶቹ ደረቱ ላይ አቅፎ ያዘው፤ ከዚያ በጦር ተወግቶ ሸሂድ ሆነ።

ለቀብር ሲዘጋጅ ከአንድ አጭር ባለ መስመር ኩታ በቀር ምንም አልነበረውም። ራሱን ሲሸፍኑት እግሩ ይገለጣል፤ እግሩን ሲሸፍኑት ራሱ ይገለጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሱን በኩታው እንዲሸፍኑ፣ እግሩ ላይም ኢዝኺር የተባለ መልካም ሽታ ያለው ሣር እንዲያደርጉ አዘዙ። ከሐድረመውት የመጣ ጫማ ይለብስ የነበረው እግር በሣር ተሸፍኖ ተቀበረ።

ከዓመታት በኋላ እጅግ ሀብታም የሆነው ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ አንድ ቀን ጾሞ ውሎ ምግብ ሲቀርብለት ሙስዐብን አስታወሰ። ከእርሱ የሚበልጠው ያ ሰው መከፈኛ እንኳ እንዳልሞላለት እያነሳ አለቀሰ፤ ምግቡንም ተወ። አብረው ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሐበሻ የተሰደዱ ሰዎች ነበሩ።

ግፊትን እንዴት እናውቀዋለን?

አሁን ወደ ጆሃንስበርግ እንመለስ። በሜይፌር፣ በፎርድስበርግ ወይም በሌላ ሰፈር ያለ የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ቁረይሽ አይገጥመውም። የሚገጥመው በትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት የሚዞር ቬፕ ነው፤ ቅዳሜ ማታ የሚጨስ ሺሻ ነው፤ በዋትስአፕ ግሩፕ የሚላክ ነውረኛ ምስል ነው። እናቷ ሸኝታት ከሄደች በኋላ ሒጃቧን ወደ ቦርሳዋ እንድታስገባ የምትገፋ ልጅ አለች። የአባቱ የአንድ ሳምንት ትርፍ የሚያህል ጫማ ካልተገዛልኝ ብሎ የሚያኮርፍ ልጅ አለ። ከሁሉ የሚያመው ደግሞ ሌሎች በስደተኛ ላይ መክዌሬክዌሬ እያሉ ሲስቁ እኔ ከእነርሱ አይደለሁም ለማለት አብሮ የሚስቅ የስደተኛ ልጅ ነው።

የግፊት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

- ጥያቄው የሚመጣው ሰው በተሰበሰበበት፣ እንድታስቡበት ጊዜ ሳይሰጣችሁ ነው።
- እምቢ ስትሉ ምክንያታችሁን ሳይሆን ማንነታችሁን ይነካሉ፤ ፈሪ፣ የእናቱ ልጅ፣ ኋላ ቀር ትባላላችሁ።
- ሁሉም ያደርገዋል ይባላል። ብትቆጥሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም አያደርገውም።
- ልታደርጉት የተጠየቃችሁትን ነገር ለወላጅ መንገር የማይታሰብ ይሆንባችኋል።

ይህ በእናንተ ላይ ብቻ የመጣ ድክመት እንዳይመስላችሁ። በ1950ዎቹ ሰለሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ አሜሪካ ውስጥ ባደረገው የታወቀ ሙከራ ሰዎች የመስመሮችን ርዝመት እንዲያወዳድሩ ይጠየቁ ነበር። አብረው የተቀመጡት ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ ከተፈተኑት ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ከቡድኑ ጋር ተስማምተዋል። በቡድኑ ውስጥ ትክክለኛውን የሚናገር አንድ ሰው ሲጨመር ግን ስህተቱ እጅግ ቀነሰ። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች በመኪና መንዳት ጨዋታ ላይ ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ብቻቸውን ከሚሆኑበት ጊዜ የበለጠ አደጋ ውስጥ እንደሚገቡ አሳይቷል። በዚህ ዕድሜ የጓደኛ ዓይን ከባድ ነው። ከባድ መሆኑን ማወቅ የመከላከል መጀመሪያ ነው።

ከሙስዐብ ምን እንውሰድ?

አንደኛ፣ የራሳችሁን የአርቀም ቤት ፈልጉ። አንድ እውነተኛ ጓደኛ እንኳ ይበቃል። ከሰዓት በኋላ በመድረሳ፣ በመስጂድ፣ በኳስ ቡድን፣ በትምህርት ቤት የሰላት ክፍል ሊገኝ ይችላል። ከአንድ ክብ ለመውጣት ከማሰባችሁ በፊት የምትገቡበትን ሌላ ክብ አዘጋጁ።

ሁለተኛ፣ መራቅ ሽንፈት አይደለም። ሙስዐብ ኢማኑን ለመጠበቅ ባሕር ተሻግሯል። ከአንድ ዋትስአፕ ግሩፕ መውጣት፣ ከአንድ ግብዣ መቅረት፣ ሌላ መንገድ ይዞ ወደ ቤት መሄድ የእናንተ ትንሽ ሂጅራ ነው። ሰበብ ካስፈለጋችሁ የወላጆቻችሁን ስም ተጠቀሙ፤ አባቴ ይጠብቀኛል፣ እናቴ ትደውላለች በሉ። በእርግጥም እንዲደውሉላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ሦስተኛ፣ እምቢታችሁን አሳጥሩ፤ ድምፃችሁን አርግቡ። ረጅም ማብራሪያ ለክርክር በር ይከፍታል። ኡሰይድ ጦር ይዞ ሲመጣ ሙስዐብ አልጮኸም።

አራተኛ፣ የሚያስከፍላችሁን ዋጋ አስቀድማችሁ እወቁ። እምቢ ያለ ሰው ለጥቂት ጊዜ ብቻውን ሊበላ፣ ሊሳቅበት ይችላል። ያማል። ሙስዐብም አሞታል። ሕመሙ ግን ስህተት እንደሠራችሁ ማስረጃ አይሆንም።

አምስተኛ፣ ወድቃችሁ ከሆነ ተመለሱ። ትናንት ቬፕ የሳበ ዛሬ መተው ይችላል። የተውበት በር ክፍት ነው። አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው የሚለው ሐሳብ ራሱ ሌላ ግፊት ነው።

ስድስተኛ፣ ለሌላው አጋር ሁኑ። በአሽ ሙከራ እውነቱን የተናገረው አንዱ ሰው እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። አንድ ልጅ ብቻውን ሲቆም አጠገቡ መቆም ብቻ ይበቃዋል። ወላጆቻችሁ የሚነግዱበት የጂፒ ጎዳና ዛሬ ስሙ ራሂማ ሙሳ ነው። በነሐሴ 9 ቀን 1956 እ.ኤ.አ. ወደ 20,000 የሚጠጉ ሴቶች የአፓርታይድን የይለፍ ሕግ ተቃውመው ፕሪቶሪያ ላይ ሲሰለፉ ከመሪዎቹ አንዷ ይህች ሴት ነበረች። ጎን ለጎን ሆነው ሰልፉን የመሩት ሊሊያን ንጎዪ፣ ሄለን ጆሴፍ፣ ሶፊ ዊሊያምስና ራሂማ በሕጉ የተለያየ ዘር ተብለው የተከፋፈሉ ሴቶች ነበሩ። ጽናት ጎን የሚቆም ሰው ሲያገኝ ይበረታል።

በመካ የሙስዐብን ሽቶ ያደነቁት እኩዮቹ ስማቸው ተረስቷል። የሙስዐብ ስም ግን ከ1400 ዓመታት በኋላም ይነሳል፤ ሙስሊሞች ልጆቻቸውን በስሙ ይጠራሉ።

አላህ (ሱ.ወ) ወጣቶቻችንን በመልካም ጓደኞች ይክበብልን። እምቢ ማለት በሚገባቸው ሰዓት ልባቸውን ያጽና፤ ብቻቸውን በሚቆሙበት ሰዓትም እርሱ አብሯቸው ይሁን። ከሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር (ረ.ዐ) ጋር በጀነት ይሰብስበን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።